አማካሪውና እምቢ ባዩ

የወሎው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለቤተ መንግሥት ቅርብ ነበር፤ በመካከለኛው ዘመን አበምኔቱ «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ ንጉሡን ያማክር ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የገዳሙ ሞክሼ፣ የትግራዩ መነኩሴ አባ እስጢፋኖስ፣ «ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው» ብለው ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አልሰግድም አሉ። እሳቸው በእስር ሞቱ፤ ተከታዮቻቸው ተገረፉ፣ ተገደሉ።

የሩሲያዊውን አናርኪስት የክሮፖትኪንን መጻሕፍት ያነበበ ሰው «የእኛም አናርኪስት እኚህ ናቸው» ይል ይሆናል። እኔ አልልም። አባ እስጢፋኖስ መንግሥት ይፍረስ አላሉም፤ የአምላክን ድርሻ ለሰው አልሰጥም ነው ያሉት።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ቀርቦ መምከር ወይስ እምቢ ማለት? እንደ እኔ፣ እምቢ ማለት የማይችል አማካሪ ምክሩ ማጎንበስ ነው። የዐቃቤ ሰዓቱም ወንበር የሚከበረው፣ የተቀመጠበት ሰው የአባ እስጢፋኖስ ጉልበት ሲኖረው ነው።