ቡችላዋን «ጨርሰናታል»

ውሻ በእኛ ዘንድ ሥራው ብዙ፣ ክብሩ ትንሽ ነው። ሰው መስደብ ስንፈልግ ስሙን እንዋሳለን። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብለን ታማኝነቱን ስናመሰግን እንኳ ምስጋናችን ውስጥ ንቀት ጣል እናደርግበታለን፤ ለሆዱ ያደረውን ሰው የምንሸነቁጠውም በዚሁ ተረት ነውና። ግቢ ይጠብቃል፣ ትራፊ ይበላል፣ ቤት ሊገባ ሲል «ውጣ!» ይባላል። ቤተ ክርስቲያን ደጅማ ዝር እንዲል አይፈቀድለትም። የቆሎ ተማሪን ኑሮ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲለምን የተማሪው ዋነኛ ጠላት ውሻ ነው። ዱላ የሚይዘው ለሌባ አይደለም። መንፈሳዊ ትምህርትና ውሻ በአገራችን ሲተዋወቁ የኖሩት እንግዲህ እንዲህ ነው፤ አንዱ ሲሮጥ ሌላው ሲያባርር።

በዚህ ምክንያት ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ወዳጄ፣ «ልጆቹን በሃይማኖት ለማስተማር ብለን ቡችላ ገዛን» ሲለኝ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወዳጄና ባለቤቱ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አይልኩም፤ ራሳቸው ቤት ውስጥ ያስተምሯቸዋል። አሜሪካኖች «ሆምስኩል» ይሉታል። በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ያሰበ ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ድረስ ለአካባቢው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ያሳውቃል፣ የሚያስተምራቸውን የትምህርት ዓይነቶች ዘርዝሮ ያስገባል፣ ዓመቱ ሲያልቅም ልጁ ለውጥ ማሳየቱን ያረጋግጣል። ይህን መንገድ ካስፋፉት ወገኖች መካከል ልጆቻቸውን በእምነታቸው ኮትኩተው ማሳደግ የፈለጉ ክርስቲያን ወላጆች ብዙ ናቸው። በኮሮና ጊዜ ደግሞ ሌላውም ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ2020፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ ላይ፣ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ካሏቸው ቤተሰቦች ቤት ውስጥ የሚያስተምሩት 5 ከመቶ ገደማ ነበሩ። መስከረም ሲያልቅ 11 ከመቶ ደርሰው እንደነበር የአገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ አስታውቋል።

እነዚህ ወላጆች የሚወዱት አንድ ዘዴ አለ። አንድ ርእስ ይመርጡና ሂሳቡንም፣ ሳይንሱንም፣ መጽሐፍ ቅዱሱንም በእሱ ዙሪያ ያስተምራሉ። ከ1842 እስከ 1923 እ.ኤ.አ. የኖረችው እንግሊዛዊቷ መምህርት ሻርሎት ሜሰን፣ ልጅ ተፈጥሮን በዓይኑ እያየ በማስታወሻው እንዲያሰፍር ትመክር ስለነበር መጻሕፍቷ እነሱ ዘንድ ዛሬም ይነበባሉ። እንግዲህ ወዳጄ ቤት ለአንድ ወር ተኩል የተመረጠው ርእስ «ቡችላ» ነበር።

ዕቅዱ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ አይቼዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ የሚል ዕቅድ ነው። ለሂሳብ፣ ቡችላዋ በየሳምንቱ ትመዘናለች፤ ልጆቹ ክብደቷን በግራፍ ያሳያሉ። ለሳይንስ፣ ውሻ ለ63 ቀን ያህል እንደምታረግዝ፣ ቡችላ ዓይኗ ተከድኖ ተወልዳ በሁለት ሳምንት ገደማ እንደምትገልጥ፣ ስምንት ሳምንት ሳይሞላት ከእናቷ መለየት እንደማይገባት ይማራሉ። ለታሪክ፣ የሰውና የውሻ ጉርብትና ቢያንስ 15,000 ዓመት ማስቆጠሩን። ለአማርኛ፣ በየማታው ስለ ቡችላዋ አምስት ዓረፍተ ነገር መጻፍ። ለመጽሐፍ ቅዱስ፣ አዳም ለእንስሳት ስም ሲያወጣ፣ ኖኅ መርከብ ውስጥ ሲያስገባቸው፣ የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ውሾች፣ በመጨረሻም የጦብያ ውሻ።

የጦብያን ውሻ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በ81 መጻሕፍታችን ውስጥ በሚገኘው በመጽሐፈ ጦቢት፣ ጦብያ መልአኩን አስከትሎ ሩቅ መንገድ ሲሄድ ውሻውም አብሮ ይሄዳል፤ ሲመለሱም አብሮ ይመለሳል። ምንም ተአምር አይሠራም። አብሮ መሄዱ ብቻ ተጽፎለታል። ልጆቹ ይህን ሰምተው ቡችላቸውን «ጦብያ» ሊሏት ነበር። አያታቸው ናቸው ያስቀሩት። «የቅዱስ ስም ለውሻ? ደግሞስ የአገር ስም አይደለም እንዴ!» ብለው ተቆጡ። ክርክሩ ሲከር በሽምግልና «ቡቺ» ተባለች፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግማሹ ውሻ የሚጠራበት ስም።

ልጽፍ ያነሳሳኝ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ወሩ ተኩል አለቀ። የማቀዝቀዣው ወረቀት ተቀየረና «ከዋክብት» የሚል አዲስ ርእስ ተለጠፈ። በዚያ ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ እነሱ ቤት ሆኜ ቡቺ ከሽቦ ቤቷ ውስጥ ታለቅሳለች። እናትየው የ9 ዓመቱን ልጅ፣ «ሂድና ወደ ውጭ አውጣት እንጂ» አለችው። ልጁ ከመጽሐፉ ቀና ሳይል፣ በቅን ልብ፣ «እማዬ፣ ቡቺን እኮ ጨርሰናታል» አላት።

ልጁ ጨካኝ አይደለም። የተማረውን ነው የተናገረው። መማሪያ መጽሐፍ ይጀመራል፣ ያልቃል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ቡቺ የመጣችው መማሪያ ሆና ነው። ታዲያ ካለቀች በኋላ ማልቀሷ ምን አመጣው?

እዚህ ላይ የሞራል ጥያቄ አለ። ነፍስ ያለውን፣ የሚራበውንና የሚፈራውን ፍጡር፣ ለልጆቻችን ምግባር ማሠልጠኛ ብለን ቤት ማምጣት ይገባናል? አሳቡ እኮ መጥፎ አይደለም። ልጄ ርኅራኄ ይልመድ፣ ኃላፊነት ይወቅ፣ ፈጣሪ ያደረገውን አይቶ ያመስግን ነው የሚሉት። ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

አንድ ትልቅ ፈላስፋም ከእነሱ ጋር ይቆማል። ጀርመናዊው ኢማኑኤል ካንት (1724–1804 እ.ኤ.አ.) በሥነ ምግባር ትምህርቱ፣ በእንስሳ ላይ የሚጨክን ሰው በሰውም ላይ ልቡ እየደነደነ ይሄዳል ይል ነበር። ለምሳሌ የጠቀሰው የእንግሊዛዊውን የዊልያም ሆጋርትን ሥዕሎች ነው። ሆጋርት በ1751 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው አራት ተከታታይ ሥዕሎች፣ በመጀመሪያው ውሻ የሚያሠቃይ ልጅ በኋላ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ይታያል። ካንት ግን አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ። ለእንስሳ የምንራራው ለእንስሳው ብለን ሳይሆን ለራሳችን ሰብአዊነት ብለን ነው፤ ግዴታችን በቀጥታ ለእሱ አይደለም አለ። የወዳጄ ዕቅድ፣ እሱ ካንትን ያንብበው አያንብበው፣ የካንት ዕቅድ ነው። ቡቺ ለልጆቹ ልብ ማለስለሻ ናት።

ልጆቹ የሚማሩበት መጽሐፍ ግን ከዚህ ያለፈ ነገር ይናገራል። ኦሪት ዘጸአት የሰንበትን ዕረፍት ሲደነግግ በሬህና አህያህ እንዲያርፉ ብሎ በስም ይጠራቸዋል። በሬው በማረፉ ባለቤቱ ምን እንደሚማር አይጠቅስም። የጠላትህ አህያ ከጭነቱ በታች ወድቆ ብታየው አንሣው ይላል። ዘዳግም፣ እህል የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር ይላል። ዮናስ በነነዌ አለመጥፋት ሲያኮርፍ፣ እግዚአብሔር የከተማይቱን ሕዝብ ቆጥሮ ሲያበቃ ከብቶቿንም ይጨምራል። በእነዚህ ሁሉ እንስሳው የራሱ ድርሻ አለው። የሚሰጠው ስለሚገባው ነው።

«ጳውሎስስ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው መልእክት ያችኑ የበሬ ሕግ ጠቅሶ፣ ይህ የተጻፈው ስለ እኛ አይደለምን ብሎ ለአገልጋዮች መብት ተከራክሮባታል። ግን ልብ በሉ፤ ጳውሎስ ትምህርቱን ባወጣ ጊዜ በሬው ለብዙ ዘመን ሲበላ ኖሯል። ትምህርቱ የተወለደው ከተከበረ ሕግ ነው። ነቢዩ ናታንም ዳዊትን የገሠጸው፣ ድኻ ሰው ከልጆቹ ጋር ባሳደጋት በአንዲት በግ ምሳሌ ነበር። የንጉሡን ልብ የሰበረችው በግ በምሳሌው ውስጥ ያደገችው ለማንም ትምህርት ተብላ አይደለም፤ ድኻው ስለወደዳት ነው። ለትምህርት ብሎ ቢገዛት ኖሮ ዳዊት «ሌላ ይግዛ» ባለ ነበር።

በዚያው ቤት ዕቅድ የሌላቸው አንዲት አስተማሪ ነበሩ። አያትየው ከጎጃም የመጡት ከዓመት በፊት ነው። ቡቺን አይወዷትም። «ሂጅ ወዲያ! ጸሎቴን አታርክሽብኝ!» እያሉ በመቋሚያቸው ያባርሯታል፤ አንድ ቀን እንኳ ደባብሰዋት አያውቁም። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት ቁርስ ሲቀርብላቸው፣ «ያቺ ፍጥረት በልታለች?» ሳይሉ እጃቸውን አይሰነዝሩም። አልበላችም ከተባለ ይጠብቃሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ጥያቄዬ ገረማቸው። «ልጄ፣ በረት የታሰረ ከብት ሳይበላ ባለቤቱ ይበላል እንዴ? እሷ እኮ በሩን ከፍታ መሄድ አትችልም» አሉኝ።

ይህን አባባል ብዙ አሰብኩበት። እማማ የያዙት ፍቅር አይደለም፣ ዕውቀትም አይደለም። ዕዳ ነው። አስረህ ያስቀመጥከው፣ ካንተ እጅ በቀር ሌላ የሌለው ፍጡር የራሱ ዕዳ አለብህ ነው የሚሉት። ቡችላ ስታምር መውደድ ቀላል ነው። ሲሰለቹ፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ ምንጣፉ ላይ ሸንታ ስትገኝ፣ ፍቅሩ ያልቅና ዕዳው ይቀራል። ልጅ መማር ያለበት ይህንን ነው። ይህ ደግሞ በርእስ ተከፋፍሎ የሚሰጥ ትምህርት አይደለም፤ ልጁ የሚማረው አባቱ ከሥራ ደክሞ ገብቶ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ጫማውን መልሶ ሲያጠልቅ አይቶ ነው።

በቤት ውስጥ የሚያስተምር ወላጅ እዚህ ላይ ከሌላው የተለየ ሸክም አለበት። ትምህርት ቤት መምህሩና አባት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ መምህሩ ያስተማረውን አባት ባይሠራበት ልጁ ያወዳድራል። ሆምስኩል ውስጥ ግን አስተማሪውም አባቱ ነው። በጠዋት ስለ ርኅራኄ አንብቦ በማታ ቡችላዋን በእግሩ ገፋ ካደረገ፣ ልጁ ሁለቱንም ከአንድ ሰው ይማራቸዋል። የቱን እንደሚይዝ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ነገሩ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባም ለልጁ ልደት ቡችላ የሚገዛ ወላጅ በዝቷል። ሠፈራችን ውስጥ፣ በልጆች እቅፍ ስትዘዋወር ከርማ አድጋ ስትሰለች በማዳበሪያ ከረጢት ተደርጋ ሩቅ ሠፈር የተጣለች ውሻ አውቃለሁ። የዚያ ቤት ልጆች ትምህርት አላመለጣቸውም። ያረጀና የማይጠቅም ምን እንደሚደረግ አጥርተው ተምረዋል። ወላጆቻቸው ሲያረጁ ትምህርቱን እንዳያስታውሱት መጸለይ ነው።

ታዲያ ቡችላ አትግዙ ማለቴ ነው? አይደለም። ክብደቷ ይመዘን፣ ግራፉም ይሠራ፣ የጦብያም ውሻ ይነበብ። ቅደም ተከተሉ ግን ይስተካከል። መጀመሪያ ቡችላዋ የቤቱ ትሁን፤ ትምህርቱ ከኋላ ይደርሳል፣ ባይደርስም ትብላ። እናትየው ያን ቀን ለልጇ የመለሰችለት አጭር ነበር፦ «ከዋክብትን ትጨርሳለህ፤ ቡቺን አትጨርሳትም። ተነሥ።» ተነሣ፤ እያጉረመረመ ተነሣ። እንደ እኔ ከሆነ ከወር ተኩሉ ትምህርት ሁሉ ትልቁ ያ ማጉረምረም ነው። ደስ ሳይለው የሚገባውን አድርጓልና።

ሂሳብ ከተነሣ አንድ ሂሳብ ልጨምር። ውሻ ደህና ከተያዘ 10፣ 12፣ 13 ዓመት ይኖራል። የ9 ዓመቱ ልጅ ቡቺ 12 ዓመት ስትሞላ 21 ዓመቱ ይሆናል። ያኔ ዓይኗ ይደክማል፣ ደረጃ መውጣት ያቅታታል፣ ሌሊት መሽናት አትችል ይሆናል። ከእሷ የሚማረው አንዳች ነገር አይኖርም። ያ ካንት እንኳ፣ ለእንስሳ ግዴታ የለብንም እያለ፣ በታማኝነት ያገለገለ ውሻ ሲያረጅ ጌታው እስከ ሞቱ ሊጦረው ይገባል ብሏል። የቡችላ ትምህርት ፈተና የሚሰጠው ያን ቀን ነው፤ ፈተናውን የሚያርመው የትምህርት ጽሕፈት ቤትም የለም።