ሲቲ ፓወር የተቆለፈበት ሐሙስ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 2019 ሐሙስ ነበር። ጆሃንስበርግ ብርዱ የጠናበት ወር ነው፤ ቀኑም ብዙ ሠራተኛ ደሞዝ የሚቀበልበት 25 በመሆኑ የካርድ መብራት ፈላጊው ይበዛል። ያን ዕለት የከተማዋ መብራት አከፋፋይ ሲቲ ፓወር በትዊተር መርዶ አወጣ፦ ቤዛ የሚጠይቅ ቫይረስ ገብቶ ዳታቤዙን፣ ፕሮግራሞቹንና ኔትወርኩን ቆልፎበታል። ማመንጫ አልተቃጠለም፣ ሽቦም አልተበጠሰም። ግን ካርድ መግዛት ላልቻለ ደንበኛ ቆጣሪው ዜሮ ከገባ ያው ጨለማ ነው።

ከዚህ ታሪክ እኔን የሚገርመኝ ያልተነካው ነገር ነው። ካርድ ሲገዛ የሚሰጠውን 20 አኃዝ ቁጥር የሚያረጋግጠው ራሱ ቆጣሪው ነው፤ ለዚህ ወደ ዋናው ኮምፒውተር መደወል አያስፈልገውም። ስለዚህ ረቡዕ ማታ የሞላ ሰው ሐሙስ ወጡን ሠርቶ በልቷል። ቆጣሪው ከተበከለው ኔትወርክ ጋር ስላልተሳሰረ ዳነ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ደግሞ ራሱን ሻዶው ኪል ሃከርስ ብሎ የሰየመ ቡድን የከተማውን አስተዳደር 4 ቢትኮይን ጠየቀ። አስተዳደሩ ድረ ገጹንና የሂሳብ አገልግሎቱን ለጥንቃቄ ራሱ ዘጋ፣ ገንዘቡንም አልከፍልም አለ።

አደጋው የትልቅ ድርጅት ብቻ አይደለም። በጆሃንስበርግ ጀፕ ሰፈር ሱቅ ያለው የአገራችን ሰው ቤቱ ገብቶም ዓይኑ ሱቁ ላይ ነው፤ ሶፋው ላይ ሆኖ ካሜራውን በስልኩ ይከፍታል። ያው ስልክ የባንክ ሂሳቡንም ይዟል። ካሜራው ከፋብሪካ የመጣበትን ፓስወርድ እንደያዘ ከሆነ አደጋው ምን ያህል እንደሆነ በ2016 ታይቷል። ሚራይ የተባለው ቫይረስ ከ60 በላይ የፋብሪካ መግቢያ ቃሎችን እየሞከረ ራውተሮችን፣ ካሜራዎችንና የቪዲዮ መቅጃዎችን ተቆጣጠረ፤ በኦክቶበር 21 የድረ ገጾችን አድራሻ የሚመራውን ዳይን የተባለ ኩባንያ በነሱ አጥለቅልቆ ትዊተርና ኔትፍሊክስን ጭምር ለብዙ ሰው አቋረጠ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች አብዛኞቹ ምንም አላወቁም።

ስለዚህ የቤትም ሆነ የሱቅ ኔትወርክ ሲታደስ መጀመሪያ የሚሠራው ገንዘብ የማይጠይቀው ነው። የራውተሩን የአስተዳዳሪ ፓስወርድ መቀየር፣ ከውጭ ሆኖ መግባት የሚፈቅደውን ቅንብር ማጥፋት፣ አፕዴቱን መጫን። ከዚያ በዋይፋይ የሚሠራውን ካሜራና ቴሌቪዥኑን ወደ እንግዳ ኔትወርክ ማዛወር፤ ካሜራው ቢጠለፍ እንኳ ወደ ስልኩ መሻገሪያ እንዳያገኝ። ለደህንነት ሲባል አዲስ ራውተር የሚያስፈልገው በዋናነት አምራቹ ለአሮጌው አፕዴት መላክ ካቆመ ነው። ሻጩ ሌላ ይል ይሆናል።

መብራቱም ላይ ያው ነው፤ መለየት። የደቡብ አፍሪካው የመብራት ድርጅት ኤስኮም ሎድ ሼዲንጉን፣ ማለትም መብራት በተራ ማጥፋቱን፣ በማርች 2024 ካቆመ በኋላ ለወራት እፎይ ተብሎ፣ በ2025 መጀመሪያ ተመልሶ ታይቷል። ብዙ ቤት ራውተሩን ከፍሪጁ ጋር በትልቁ ኢንቨርተር ላይ ይሰካል። ይህ ብክነት ነው፦ የባትሪው ኃይል ወደ 230 ቮልት ይወጣል፣ የራውተሩ አዳፕተር መልሶ ወደ 12 ያወርደዋል፣ በሁለቱም መንገድ ሙቀት ሆኖ የሚጠፋ አለ። አዳፕተሩ ጀርባ የተጻፈውን ማንበብ ይበቃል፤ 12 ቮልት፣ 1 አምፔር ካለ ቢበዛ 12 ዋት ነው። 10 ዋት የሚበላ ራውተር ቀንና ሌሊት በርቶ በዓመት 88 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በቀጥታ 12 ቮልት የሚሰጥ፣ 45 ዋት ሰዓት የሚይዝ ትንሽ የሊትየም ዩፒኤስ እንዲህ ያለውን ራውተር አራት ሰዓት ገደማ ያቆየዋል፤ ትልቁ ባትሪም ለፍሪጁ ይተርፋል።

ባትሪው ከተገጠመ በኋላ ሶኬቱን ነቅሎ መሞከር ነው። ራውተሩ በርቶ ኢንተርኔቱ ከጠፋ፣ ፋይበሩ የሚገባበት ግድግዳ ላይ ያለው ትንሽ ሳጥን ተረስቷል፤ እሱም የራሱ አዳፕተር አለው።