ከጭሱ ራቁ እንጂ ከደጁ አትራቁ

«አስም አለብኝ፣ ዕጣኑ ያፍነኛል፤ ስለዚህ ቅዳሴውን በስልኬ ነው የምከታተለው» የሚለውን ቃል ከእናንተ ከልጆቼ አፍ መስማት ከጀመርኩ ሰነበትኩ። የታመመ ሰው አይወቀስም ብዬ ዝም ብዬ ቆየሁ። አሁን ግን በዛ። እሑድ ጠዋት ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፣ ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፎ፣ ዲያቆኑ ሕዝቡን ለጸሎት ሲያስነሣ እሱ ወደ ሌላው ጎኑ የሚገላበጥ ምእመን እንደ እኔ ያለውን ሽማግሌ ያሳምማል። ወንጌል እየተነበበ ሻይ የሚጠጣም አለ።

እኔም አስም አለብኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። በማላውቀው ሕመም ላይ ተቀምጬ የምፈርድ አይምሰላችሁ። ዕጣን አስም ይቀሰቅሳል፤ የሚክድ ካለ እኔን ይጠይቀኝ። ጭስ ከማገዶም ይውጣ ከዕጣን ሙጫ፣ ዓይን የማያያቸው ደቃቅ ብናኞች ይሸከማል። ከሥሩ የሚነደው ከሰል ደግሞ ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምርበታል። አስም ያለበት ሰው የአየር ቧንቧው ድሮውንም የተቆጣ ነው። ጭሱ ሲነካው ጡንቻው ይጨብጠዋል፣ ውስጡ ያብጣል፣ አክታው ይወፍራል፣ ደረቱም ማፏጨት ይጀምራል። ዕጣኑ የተባረከ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ከእሱ መራቅም እምነት ማጣት አይደለም።

ስለዚህ ሽሹ። ከጭሱ ሽሹ። የሚያስቆጣኝ ጭሱን ምክንያት አድርጋችሁ ቤተ ክርስቲያኑንም አብራችሁ መተዋችሁ ነው።

ለመሆኑ ያን ጠዋት ዕጣን ያፈነውን ልጅ ከሰዓት በኋላ የት ነው የማገኘው? ሥጋ ቤት! ከሰሉ ይጨሳል፣ ጥብሱ በሸክላው ላይ ይንጫጫል፣ እሱም ዓይኑ እንባ እያቀረረ ከጓደኞቹ ጋር ይስቃል። «ልጄ፣ አስሙስ?» ስለው «አባባ፣ እዚህ ነፋስ አለ» ይለኛል። ታዲያ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ነፋስ የለውም? ሺሻ ቤት የሚገባም አለ ብለውኛል። እሱን አላየሁም፤ ባላይም ይሻለኛል።

የአባቶቻችን ቤተ ክርስቲያን እኮ ሕንፃው ብቻ አይደለም። መቅደሱ፣ ቅድስቱ፣ ቅኔ ማኅሌቱ ከውስጥ ናቸው፤ ከዚያ ውጭ ጽዱና ወይራው የበቀለበት ሰፊ ግቢ አለ። ከጥንትም ብዙው ሕዝብ ሲያስቀድስ የኖረው እዚያ ቆሞ ነው። «ለመግባት ንጹሕ አይደለሁም» የሚለውም እዚያው ይቆማል፤ ምክንያቱን የሚጠይቀው የለም። እናንተንም ማንም አይጠይቃችሁም። ዛሬ ደግሞ ድምፅ ማጉያው ከግቢው አልፎ ሠፈሩን ሁሉ ያዳርሳል። ስትደርሱ የነጠላችሁን ጫፍ ለቀቅ አድርጉና ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እዩ፤ ከጀርባችሁ ወደ ሕንፃው በሚነፍስበት በኩል፣ ከበሩ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ካህኑ ጽናውን ይዘው ወደ ሕዝቡ ሲወጡ ሻኩራው ቀድሞ ይሰማችኋል። ድምፁ ሲቀርብ ፈቀቅ በሉ፣ ሲያልፍ ተመለሱ። ይህን ያህል ነው። ይህን ማድረግ እየቻለ ቤት የቀረ ሰው ምን ይባላል?

በውጭ አገር በኪራይ አዳራሽ የምታስቀድሱት ችግራችሁ የባሰ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግቢ የለም፣ ውጭው በረዶ ነው፣ መስኮቱ ዝግ ነው። እናንተ ለአስተዳዳሪው ነግራችሁ በሩ አጠገብ ቦታ ያዙ፤ ዕጣኑ እንዲቀነስ፣ መስኮቱም ገርበብ እንዲል ለምኑ። ካልተነገራቸው ካህናቱ ከየት ያውቁታል?

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዕጣን የምትወድ ሴት ነበረች። ከመተማ በኩል የሚመጣውን ነጩን ዕጣን በጨርቅ ቋጥራ ሣጥኗ ውስጥ ታኖረው ነበር። ነገር ግን ደረቴ ማፏጨት ሲጀምር ማጨሻውን አንሥታ ደጅ ታወጣዋለች፤ እንግዳ ተቀምጦም ቢሆን አታፍርም። «ልጄ አይችለውም» ብቻ ትላለች። በምትኩ ከጓሮ ጠጅ ሳር አጭዳ ከቄጤማው ጋር ትጎዘጉዘዋለች። ሰው በረገጠው ቁጥር ሽታው ቤቱን ያውደዋል።

የንስሐ አባታችን ቤታችንን ሊያጥኑ ሲመጡ እኔን አስቀድመው ጓሮ ካለው ዋንዛ ሥር ያስቀምጡኝ ነበር። አጥነው ሲጨርሱ ጽናውን ለዲያቆኑ አስይዘው ብቻቸውን ወደ እኔ ይመጡና መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ ያደርጉታል። «እነሱ ታጠኑ፤ አንተ ደግሞ ዳዊትህን ድገም» ይሉኛል። ንጉሥ ዳዊት ጸሎቱ እንደ ዕጣን እንዲቆጠርለት መለመኑን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ በእኛ አገር የሚነፋ መድኃኒት በየቤቱ አልነበረም። ክሊኒክ የሚሰጡን እንክብል ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። ሌሊት ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ ተክዬ፣ ትንፋሼን እየሳብኩ ስቀመጥ እናቴ ከኋላዬ ሆና ጀርባዬን ታሸኝ ነበር። ሲነጋ እሑድ ከሆነ ደግፋኝ ቀስ እያልን እንሄዳለን፤ ከቅጽሩ በር አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ጋቢዋን አንጥፋ ታስቀምጠኛለች። አልሄድም ማለት እንደሚቻል እንኳ አላውቅም ነበር።

እናንተ ግን መድኃኒቱ ኪሳችሁ ውስጥ እያለ ትቀራላችሁ።

ስለ ቤት ዕጣን ደግሞ ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ነገር አለ። ዕጣን ማሳረግ የካህን ሥራ ነው። ንጉሥ ዖዝያን እንኳ፣ ያውም ንጉሥ ሆኖ፣ መቅደስ ገብቶ ሊያጥን በመነሣቱ ግንባሩ ላይ ለምጽ ወጣበት። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 30 የተቀደሰው ዕጣን ቅመሙ ተዘርዝሮ፣ ማንም ለራሱ ሊያሸትተው እንዳይሠራው ታዟል። እንግዲህ ሳሎን ውስጥ ከቡናው ጋር የምናጨሰው ለደስታችንና ለባህላችን ነው፤ የጸሎታችሁ ግዴታ አይደለም። ቢቀር ጸሎታችሁ አይጎድልም። «ያለ ዕጣን እንዴት ሥዕለ አድኅኖ ፊት እቆማለሁ?» ያለችኝ ልጅ ነበረች። ቁሚ፣ ልጄ! ስገጂ፤ ውዳሴ ማርያምሽን ድገሚ። ጧፍ ካበራሽ የሚጨሰው በተለይ ስታጠፊው ነውና ደጅ ወስደሽ አጥፊው። መልካም ሽታ ከፈለግሽ ያልተቃጠለ ይሁን፦ ጠጅ ሳር፣ አሪቲ፣ ናና፣ የሎሚ ልጣጭ። እነዚህም ቢሆኑ የሚያስነጥሱት ሰው አለና ደረትሽ ካልወደዳቸው ተያቸው፤ ንጹሕ አየር በቂ ነው። ሰንደል ያው ጭስ ነው። ከሱቅ የሚገዛው የቤት ሽቶ ስፕሬይም አስም ይቀሰቅሳል፤ ዕጣን ትቶ እሱን መርጨት መተካት አይባልም። ቡናውንም መስኮት ከፍቶ፣ ቢቻል በረንዳ ላይ መቁላት ነው፤ የቡናው ሽታ ራሱ ለቤት ይበቃል። በተዘጋ ቤት ከሰል አታንድዱ፤ ይህ ለሁሉም ነው፣ ጤነኛውንም ይገድላል። አራስ ሕፃን ያለበትን ክፍል አታጭሱ።

ቤት ያላችሁ፣ እንግዳ የምትቀበሉም ስሙ። በአንድ የጽዋ ማኅበር ላይ አንዲት ልጅ ሳሏን በነጠላዋ አፍና፣ ኢንሄለሯን በነጠላዋ ሥር ደብቃ ስትነፋ አየኋት። ባለቤቲቱ ደግሞ ከፍቅር ብዛት ዕጣን ትጨምራለች። የደበቀችውም የጨመረችውም አሳዘኑኝ። እንግዳ ሲገባ «ጭስ የማይስማማው አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። «እኔን አይስማማኝም» ማለትም እንዲሁ።

መድኃኒቱን በሚመለከት አሁንም እቆጣችኋለሁ። ሰማያዊውን ሳልቡታሞል ብቻ ይዛችሁ ትዞራላችሁ። እሱ የተጨበጠውን ጡንቻ ለሰዓታት ይፈታል እንጂ የቧንቧውን ቁጣ አያበርድም። የሚያበርደው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው ሌላኛው ነው፤ ሐኪም ባዘዘው መጠን በየቀኑ፣ ደኅና በሆናችሁበት ቀን ሳይቀር ይወሰዳል። «ተሽሎኛል» ብሎ የተወው ሰው ዕጣን ብቻ ሳይሆን የሐምሌ ብርድም ይጥለዋል። ሰማያዊውን ቶሎ ቶሎ የምትፈልጉት ከሆነ ሕመሙ አልተያዘም ማለት ነውና ሐኪማችሁ ዘንድ ሂዱ። ነፍታችሁትም ካልለቀቃችሁ፣ ቃል ለመጨረስ ካቃታችሁ፣ ቅዳሴም ይሁን ሠርግ አቋርጣችሁ ሆስፒታል ድረሱ። ኢንሄለሩ ላይ የሚገጠመው ስፔሰር የሚባለው ዕቃ ከሌላችሁ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ፕላስቲክ ታችኛውን በኢንሄለሩ አፍ ልክ በስታችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፤ አሠራሩን የጤና ባለሙያ ያሳያችሁ። ያን የሚያበርደውን ከነፋችሁ በኋላም አፋችሁን ተጉመጥመጡ፤ አለዚያ ምላስ ላይ ነጭ ነገር ያወጣል።

እዚህ ላይ «አባባ፣ ቆራቢ ነኝና ጠዋት መንፋቱ ጾም ይሽራል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ልጆቼ፣ እኔ ቀኖና አላወጣም፤ እናንተም አታውጡ። የንስሐ አባታችሁን በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት ጠይቁ፤ ሰዓቱን ለማስተካከል ደግሞ ሐኪሙን። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ፈቃድ እንደምትሰጥ ግን እናንተም ታውቃላችሁ። ሳይጠይቁ በገዛ እጅ መድኃኒት ትቶ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ መውደቅ መንፈሳዊነት አይደለም። ጸበል ስለምጠጣ መድኃኒት አያስፈልገኝም የምትሉም፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ በአደባባይ መናገራቸውን አስታውሱ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ንም ከፍታችሁ ስለ ባለ መድኃኒት የሚለውን አንብቡ።

አሁንም ወደ ስልኩ እመለሳለሁ፤ አልለቀቀኝም። በስልክ የሚተላለፈው ቅዳሴ ከአልጋ መነሣት ላቃታት አሮጊት፣ ሆስፒታል ለተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራ እኅታችሁ ትልቅ ጸጋ ነው። ለእነሱ ተዉላቸው። አስሙ የተነሣባችሁ ቀንም ተኙ፣ ታከሙ፣ ማንም አይፈርድባችሁም። ሥጋ ቤት ድረስ የሚያስኬድ ትንፋሽ ያለው ግን ቅጽሩ ድረስ የሚያስኬድም አለው። የፊታችን እሑድ ኢንሄለራችሁን ከመያዛችሁ በፊት ባዶ አለመሆኑን አረጋግጡ፤ ቆጣሪ ካለው ቁጥሩን እዩት። ጋቢም ደርቡ፤ ግቢው በጠዋት ይበርዳል፣ ብርዱም እንደ ጭሱ አስም ይቀሰቅሳል። ነፋሱ ካልተለወጠ እኔ ከምሥራቁ በር በስተግራ፣ ከጽዱ አጠገብ ነኝ። አጠገቤ ቦታ አለ።