የጉበት ትዕግሥት

ክፉን ታግሦ ማሳደር ከምሕረት ይቈጠራልን፣ ወይስ ከሀኬት? ይህ ጥያቄ የገዳም ሊቃውንትን ብቻ የሚመለከት ቢመስልም፣ ሕዝባችን «የወፍ በሽታ» በሚለው ደዌ፣ ይልቁንም ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ቫይረስ በጉበት ሥር ሰዶ ዘመናት ሲኖር፣ ሥጋ ለብሶ ይታያል።

ጉበት ከሚያገኘው ደም አራት እጅ ሦስቱን ያህል የሚቀበለው ከአንጀት ነውና፣ የበላነውና የጠጣነው ሁሉ፣ ከእርሱም ጋር የተሕዋስያን ስብርባሪ፣ በደጁ ያልፋል። በደም ሥሮቹ ግድግዳ ተጣብቀው የሚኖሩት፣ በጀርመናዊው ሊቅ በኩፕፈር ስም የሚጠሩት ጠባቂ ሕዋሳት እንግዳ ባዩ ቍጥር ቢቈጡ ኖሮ፣ የዕለት እንጀራችን መርዝ በሆነብን ነበር፤ ስለዚህ ባሕርያቸው ትዕግሥት ነው፣ ይህንም ትዕግሥት ድካም ብዬ ለመጥራት አልደፍርም።

ቫይረሱ የሚገባው በዚሁ ደጅ ነው፤ አገባቡም እጅግ ጸጥተኛ ስለ ሆነ፣ ሳይማሩ በተፈጥሮ የታደሉት ዘቦች ሌላ ቫይረስ ሲመጣ የሚያሰሙትን የኢንተርፌሮን ማስጠንቀቂያ እምብዛም አያሰሙም። ለዐቅመ አዳም የደረሰ ሰው ቢያዝ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ኋላ ነቅቶ ድል ይነሣዋል፤ ከእናቱ በልደት የተቀበለው ሕፃን ግን፣ ክትባት ካላገኘ፣ ከመቶ 90 ያህሉ ከቫይረሱ ጋር እንደ ቤተ ዘመድ አብሮ ያድጋል። በደል ሳይኖርበት ዕዳ የሚወርሰውን ይህን ሕፃን ባሰብሁ ቍጥር ልቤ ያዝናል፤ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው ክትባት ሊታደገው እንደሚችል እየታወቀ መዘግየትም ቀላል ጥፋት አይመስለኝም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው፣ ቫይረሱ በራሱ እጅ የጉበትን ሕዋስ የማይገድል መሆኑ ነው። የሚገድለው የዘቦቹ ቍጣ ነው፤ ከዓመታት ዝምታ በኋላ ሲነሡ ቤቱን ከነእንግዳው ያፈርሳሉ፣ ተፈጥሯዊ ገዳይ የሚባሉት ሕዋሳትም ቫይረሱን ለይተው የሚያውቁትን የገዛ ባልንጀሮቻቸውን ሳይቀር ያጠፋሉ፤ ቍጣው በተመላለሰ መጠን ጠባሳ በጠባሳ ላይ ይከመራል፣ ጉበቱም ይጠጥራል። በወንጌሉ ምሳሌ የእርሻው ጌታ እንክርዳዱን እንዳይነቅሉ አገልጋዮቹን የከለከለው ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ነበር፤ ነገር ግን እርሻው የመከር ቀን አለው፣ ጉበት ግን ቀን ተቈርጦለት አይጠብቅም፣ ዝም የተባለው ቫይረስም ነቀርሳን ሊያመጣ ይችላል።

ስለዚህ የዛሬው ሐኪም የሚያደርገውን በአክብሮት እመለከታለሁ፤ በየዕለቱ የሚዋጠው መድኃኒት የቫይረሱን መራባት ያግዳል እንጂ በሕዋሱ አስኳል የተሸሸገውን ዘር አይነቅልም፣ ሐኪሙም ይህን እያወቀ የታማሚውን ደም በየጊዜው እየመረመረ፣ ሳይቸኵልና ሳያንቀላፋ ይጠብቃል።