ቆጣሪውና ዘይት ጨማቂዋ

ሰውን መቁጠር ሰውን ማወቅ ነውን? ጥያቄው የፈላስፎች ብቻ ይመስል ይሆናል። በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ፣ በኢግቦ ምድር፣ በ1929 እ.ኤ.አ. ጥያቄውን ያነሣችው ግን ዘይት በመጭመቅ ላይ የነበረች አንዲት ባልቴት ናት።

በዚያ አገር ወንዱ ዘንባባው ላይ ወጥቶ ዘለላውን ቆርጦ ይጥላል። ከዚያ በኋላ ያለው ድካም በአመዛኙ የሴቷ ነው። ፍሬውን ትለቅማለች፤ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ተሸክማ ትቀቅላለች፤ ትወቅጣለች፤ አጥልላ ከላይ የሰፈፈውን ቀይ ዘይት ትቀዳለች። ዘይቱ በልማድ የባል ነው። ለእርሷ የሚቀረው በፍሬው ውስጥ ያለው አስኳል ሲሆን፣ እርሱንም በትርፍ ጊዜዋ (ትርፍ ጊዜ ከተባለ) አንድ በአንድ በድንጋይ እየሰበረች ታወጣዋለች። ይህ ሁሉ ባሕር ተሻግሮ በእንግሊዝ ፋብሪካዎች ሳሙና ይሆን ነበር። የቅኝ ገዢው መዝገብ በርሜሉን እንጂ ሙቀጫውን አያውቅም።

አስቀድሞ ወንዶች ተቆጥረው ነበር፤ በ1928 ግብር ተጣለባቸው። በማግሥቱ ዓመት የዘይት ዋጋ ወደቀ። በኖቬምበር 1929 የኦሎኮው ሹም ኦኩጎ የላከው ቆጣሪ ወደ ንዋንየሩዋ ግቢ ገብቶ ፍየሎቿን፣ በጎቿንና ሰዎቿን እንድትቆጥር አዘዛት። እናቱ ተቆጥራ እንደሆነ መልሳ ጠየቀችው፤ ተያያዙም።

ቆጣሪው ነጭ አልነበረም። የሚሲዮን ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ የአገሩ ልጅ ነበር። ጉዳዩን የሚያከብደውም ይህ ነው፤ ዘይት እንዴት እንደሚጨመቅ ከልጅነቱ ያየ ሰው፣ መዝገብ በያዘ ጊዜ የሚያየው ፍየልና ራስ ብቻ ሆነ። እርግጥ ነው፣ ሕዝቡን የማይቆጥር መንግሥት ትምህርት ቤትም ሐኪም ቤትም በወጉ ሊሠራ አይችልም። ይሁን እንጂ የኢግቦ ሴቶች የራሳቸው ሸንጎና የገበያ ሥርዓት ነበራቸው፤ ወደዚያ ሄዶ ምን ትሠራላችሁ፣ ምን ይተርፋችኋል ብሎ የጠየቀ ሹም አልነበረም። ስለዚህ ቆጠራው ለግብር መሆኑን ለመገመት ነቢይ መሆን አላስፈለጋቸውም።

የዘንባባ ቅጠል ከመንደር መንደር ተላከ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ተነሡ። በዲሴምበር ወታደርና ፖሊስ ተኮሱባቸው፤ ከ50 በላይ ሴቶች ወደቁ። እንግሊዞች ነገሩን የአባ ሁከት አሉት፤ ሴቶቹ ግን የሴቶች ጦርነት ይሉታል። ሲልቪያ ሊዝ ሮስና ማርጋሬት ግሪን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች የኢግቦ ሴቶችን ኑሮና ሥራ ለማጥናት ወደ መንደሮቹ የሄዱት ከዚህ በኋላ፣ በ1930ዎቹ ነው። ሴቶቹ ያን ጊዜም አስኳል ይሰብሩ ነበር።