ሳይወድ የመነነ ሰውና ባልንጀራው

ለዚህ እትም የመረጥነው ጥያቄ አጭር ነው። ባልንጀራችን ታሞ ተኝቷል፤ ያሳመመው ነገር ደግሞ በውጭ አለ፤ ገና ሌሎችንም ያሳምማል። ከመኝታው አጠገብ እንቀመጥ ወይስ ተነሥተን የበሽታውን ምንጭ እንፈልግ? ጥያቄው በጉባኤያችን በተነሣ ጊዜ ገሚሱ «ይቀመጥ እንጂ! ባልንጀራ ለክፉ ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው?» አለ። ገሚሱም «እሳቱ ሳይጠፋ የተቃጠለውን ብቻ ማከም ምን ይረባል?» ሲል መለሰ። ክርክሩም በአንድ እሑድ አላለቀም።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር በገዛ አገራችን በጋምቤላ የታየውን እንያዝ። የጊኒ ዎርም የተባለውን በሽታ በጎግና በአቦቦ ወረዳዎች የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ሰው ከኩሬ ያልተጣራ ውሃ ሲጠጣ፥ በውሃው ውስጥ ያሉ እጅግ ጥቃቅን ነፍሳት የትሉን እጭ ይዘው ወደ ሆዱ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ምንም አይሰማውም፤ ያርሳል፥ ዓሣ ያጠምዳል፥ ሠርግ ይደግሳል። ዓመቱ ሲሞላ ግን አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ ላይ እንደ እሳት የሚያቃጥል፥ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይወጣል። እርሱም ሲፈነዳ እስከ አንድ ሜትር የሚረዝም፥ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ትል ብቅ ይላል። የሚያድን መድኃኒት የለም፤ የሚከላከል ክትባትም የለም። ያለው ዘዴ ትሉን በትንሽ እንጨት ወይም በፋሻ ላይ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየጠቀለሉ ማውጣት ነው፤ ይህም ቀናት፥ አንዳንድ ጊዜም ሳምንታት ይፈጃል። ቸኩሎ የሳበው ይበጥሰዋል፤ የተበጠሰው ትልም ቁስሉን ያመረቅዛል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሕመምተኛው አጥብቆ የሚመኘው የሚነደውን እግሩን ከቀዝቃዛ ውሃ መንከር ነው። ትሉም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። እግሩ ውሃ በነካ ጊዜ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ እጮችን ይለቃል፤ ኩሬውም ለሚመጣው ዓመት አዲስ ሕመምተኞችን ያዘጋጃል። ስለዚህ ሕመምተኛው በማቆያ ቦታ ይቀመጣል፤ ምግብ ይቀርብለታል፤ ቁስሉ ይታጠባል፤ ትሉም ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ኩሬ እንዳይወርድ ይጠበቃል።

ሳይወድ የመነነ ያልነው ይህን ሰው ነው። ባሕታዊ ዓለምን የሚተወው ፈልጎ ነው፤ በረሃውንም የሚመርጠው እርሱ ነው። ይህኛው ግን ማሳው ሳይታረም፥ መረቡ ሳይጣል፥ ልጆቹ እየጠበቁት በአንድ ቤት ይቀመጣል። በሽታው እምብዛም አይገድልም፤ ስለዚህም ሊጠይቀው የሚመጣ ሰው «ደኅና ነህ እኮ» እያለ ያበሳጨዋል። (በእነዚያ ወረዳዎች ውሾችም በዚህ ትል ይያዛሉ፤ ወደ ኩሬ እንዳይሄዱ በሰንሰለት እንዲታሰሩ ተደርጓል። ዝንጀሮም ይያዛል፥ ዝንጀሮን ግን ማን ያስረዋል? ውሻው ለምን እንደ ታሰረ አያውቅም፤ ሰው ግን ያውቃል፤ ማወቁም መቀመጡን ያቀልለት እንደሆነ ወይም ያከብድበት እንደሆነ ለመወሰን አልቻልንም።) ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1986 በአፍሪካና በእስያ በ21 አገሮች 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይይዝ የነበረው በሽታ፥ በ2024 በመላው ዓለም 15 ሰዎችን ብቻ የያዘው ያለ መድኃኒት ነው። ውሃን በጨርቅ ማጥለል ትልቅ ድርሻ አለው። እግራቸው እየነደደ ከውሃ የራቁት ሰዎች ድርሻም ከዚያ አያንስም።

አሁን ወደ ባልንጀራው እንመለስ። እርሱ ከሕመምተኛው ጋር ገብቶ ቢቀመጥ የሚሠራው ብዙ ነው፤ ቁስል ያጥባል፥ ሌሊት ያወራል፥ ሕመሙ ሲጠና እጁን ይይዛል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ «ባለፈው ዓመት ይህን ጊዜ ውሃ የጠጣኸው ከወዴት ነበር?» የዛሬው ሕመም የአምና ውሃ ነውና። በዚያ ቀን ከእርሱ ጋር የጠጡ ሰዎች ካሉ፥ እነርሱም በዚሁ ሰሞን ይቈስላሉ፤ ማንም ካልነገራቸውም ወደ ውሃ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 15 ሰዎች ታመው በተጠየቁ ጊዜ፥ በአቦቦ ወረዳ በሚገኝ ሰፊ እርሻ ለቀን ሥራ መጥተው የጠጡት ውሃ ምክንያት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በ2018 እና በ2019 በአገራችን አንድም ሰው ሳይታመም ቀረ፤ አበቃ ሲባልም በ2020 11 ሰዎች ታመሙ። ዓመት ሙሉ ተደብቆ የሚቈይ ጠላት እንዲህ ነው።

ከሩቅ አገርም አንድ ታሪክ እናምጣ። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ከተማ ሶሆ በተባለው ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ከ600 በላይ ሰዎችን ገደለ። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም መንሥኤው በብሮድ ስትሪት ያለው የውሃ ፓምፕ ነው አለ፤ ሴፕቴምበር 8 ቀንም የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። በዚያው ሰፈር ሄንሪ ኋይትሄድ የተባለ፥ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ካህን ነበረ። እርሱ የሐኪሙን ቃል አላመነም፤ ስሕተት መሆኑንም ሊያሳይ ተነሣ። በበሽታው ወራት ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ሕመምተኞችን ሲጠይቅ የሰነበተ ሰው ስለ ሆነ፥ እነዚያኑ ቤቶች ዳግመኛ እያንኳኳ፥ አንዳንዱንም አራትና አምስት ጊዜ እየተመለሰ ጠየቀ። በመጨረሻ ያገኘው ሐኪሙን የሚደግፍ ሆነ። ከፓምፑ ፊት ለፊት ባለው ቤት አንዲት እናት የታመመ ሕፃኗን ጨርቅ አጥባ እጣቢውን ከደጃፏ ካለው የቆሻሻ ጉድጓድ ትደፋ ነበር። ያ ጉድጓድ ከውሃው ጉድጓድ አንድ ሜትር እንኳ አይርቅም፤ ግንቡም ተሸርሽሮ ነበር።

ይህች እናት ምን በደለች? ምንም። ያስታመመች እናት ናት። ነገር ግን ያስታመመችበት ውሃ ጎረቤቶቿን ፈጀ። በጎግም ወይም በአቦቦ አንድ ሰው የባልንጀራው ሥቃይ አሳዝኖት እስከ ኩሬው ደግፎ ቢወስደውና እግሩን ቢያቀዘቅዝለት፥ የዚያን ቀን ከእርሱ የበለጠ ርኅሩኅ አይገኝም፤ የዓመቱን በሽታ የዘራው ግን እርሱ ነው። እንግዲህ «ይቀመጥ» ያልነው ወገኖች ይህን መመለስ አለብን፤ እጣቢው ወዴት እንደሚፈስ የማይጠይቅ አስታማሚ ባልንጀራውን እየረዳ ሌላውን ይጎዳል።

«ይሂድ» ያልነውም የምንመልሰው አለን። ያ ካህን ያን ሁሉ ያገኘው ወረቀት ይዞ ስለ ዞረ ብቻ አይመስለንም። በሐዘኑ ቤት ቀድሞ ተቀምጧል። በእኛም ዘንድ «አምና ከወዴት ጠጣህ?» የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ሰው አደን የወጣበትን ጫካ፥ ማር የሚቈርጥበትን ስፍራ፥ አብሮት የነበረውንም ሰው ለማንም አይዘረዝርም። እግሩን ላጠበለት ግን ይነግረዋል፤ ያውም በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሌሊት፥ ስለ ሌላ ነገር ሲያወሩ። ስለዚህ ምርመራው ከማስታመሙ ውስጥ የሚበቅልበት ጊዜ አለ።

ይህን ከተናገርን በኋላ ጉዳዩ ተፈታ የመሰላቸው ነበሩ። አልተፈታም። ሕመምተኛው ነግሮታል እንበል። ኩሬው በጫካ ውስጥ ነው፤ የአንድ ቀን መንገድ ያስኬዳል፤ ዝናቡ ሊጀምር ነው። በርግጥ የጤና ሠራተኞች አሉ፤ በየመንደሩ የሚያስሱ፥ ውሃውን በመድኃኒት የሚያክሙ። መንገዱን የሚያውቅ፥ አብረው የጠጡትንም በስም የሚለይ ግን ባልንጀራው ነው። በዚያውም ሌሊት ሕመሙ ጠንቶ «አትተወኝ» ይለዋል። አሁን ሁለቱ መንገዶች በእውነት ተለያዩ።

ብዙዎቻችን «ይሂድ» ብለናል። ምክንያታችንም ይህ ነው፤ ቁስሉን ሌላ ሰው ሊያጥበው ይችላል፤ መንገዱን ግን ሌላ ሰው አያውቀውም። ደጉ ሳምራዊም ቢሆን በቁስለኛው አጠገብ ያደረው አንዲት ሌሊት ነው። በማግሥቱ ለእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ፥ እመለሳለሁ ብሎ መንገዱን ሄደ፤ ማንም ስለዚህ ጨካኝ አላለውም። አደራ ሰጥቶ መሄድና ጥሎ መሄድ ይለያያሉ። አደራው ግን እውነተኛ ሊሆን ይገባዋል። የሚተካው ሰው በስም ይታወቅ፤ የሚመለስበትም ቀን ይነገር። እነዚህ ከሌሉ ጉዞው ምንም ያህል ለብዙዎች ቢጠቅም ለዚያ ሰው መተው ነው።

እናቷን ለረጅም ጊዜ ያስታመመች አንዲት እኅታችን ግን አልተስማማችም። «ሕመምተኛ የሚፈልገው እጅ አይደለም፤ ያንን እጅ ነው» አለች። የእርሷ ቃል ከምክንያታችን ሁሉ ይከብዳል። ባልንጀራነት ማለት በሌላ ሰው የማይተካ ነገር ካልሆነማ፥ አስታማሚን መቅጠር ይበቃ ነበር። መልሳችን ሙሉ እንዳልሆነ አውቀን የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ እስካሁን ሕመምተኛውን እንደሚቀበል ብቻ ቈጥረነዋል። እርሱ ግን እየሰጠ ነው። እግሩን ከውሃ የከለከለው ስለማያውቃቸው ሕፃናት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ባልንጀራውንም ለሁለትና ለሦስት ቀን ሊሰጥ ይችላል። «ሂድ» የሚለው ቃል ከእርሱ አፍ ቢወጣ የሚሄደው ሰው እግሩ ይቀልለዋል።

እንዲህ እንዲል ይጠየቅ ወይስ ራሱ እስኪለው ይጠበቅ በሚለው ላይ ተለያየን። የሚበዙት ሊጠየቅ አይገባም፥ የተጠየቀ ሰው እምቢ ማለት ያፍራልና አሉ፤ ሌሎቹ ዝናቡ ሊጀምር ነው ብለው መለሱ። እኅታችን ደግሞ ዛሬም እንዲህ ትለናለች፤ «ሂድ ያለው ሰው ባልንጀራው ከሄደ በኋላ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያነጋው እናንተ አላያችሁም።»