ችሎት የሚያምነው መዝገብ

በቢቸና ወይም በሞጣ የእርሻ መሬት ክርክር ሲነሣ፣ ዳኛው መሬቱ በማን ስም እንደተመዘገበ የወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ማስረጃ እንዲልክ ያዛል። የሚመጣው ደብዳቤ ብዙ ምስክር ሊረታ ይችላል። ተከራካሪው ይመነው? በመጀመሪያ አዎ አልኩ። ምስክር ይረሳል፣ ያዳላል፣ ይፈራል።

የአገሩ ታሪክ ግን ይህን መልስ አላስቀመጠልኝም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ የሞጣና የቢቸና አውራጃዎች ገበሬዎች አመፁ። የከበዳቸው ብሩ ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ተለክቶ ከተጻፈ ርስታችን ይነጠቃል ብለው ሰጉ። መንግሥት አውሮፕላን ጭምር አዘመተ። በመጨረሻ የጎጃም ጠቅላይ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብሩም ተማረ።

ስጋቱ አላዋቂነት ነበር? እንዲህ እንዳልል 1989 ዓ.ም. ይከለክለኛል። የአማራ ክልል መሬት ሲያከፋፍል «ቢሮክራት» ወይም «የፊውዳል ቅሪት» ተብሎ ስሙ የሰፈረ ገበሬ ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተደረገ። ብዙዎቹ «ቢሮክራቶች» በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር የሠሩ አራሾች ነበሩ። አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ የሄዱም አሉ። አንድ ቃል ከስም ጎን ተጻፈ፤ ማሳ ተወሰደ።

እንግዲያስ መዝገብ ሁሉ ይጠላ? ይህም አያስኬድም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በክልሉ የተሰጠው የይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ ይይዛል። በፍቺ ጊዜ ባል «መሬቱ የአባቴ ነው» ቢል፣ ሚስት ደብተሩን ገልጣ ፎቶዋን ታሳያለች። ቀድሞ በባሏ መንደር፣ በባሏ ዘመዶች መካከል ምስክር መለመን ነበረባት።

ልዩነቱ የታየኝ እዚህ ላይ ነው፤ ደብተሩ በእጇ አለ፣ የ1989ኙ የስም ዝርዝር ግን መሬት በሚያከፋፍለው ኮሚቴ እጅ ነበር። አሁን ደግሞ መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። እዚያ ወሰን ቢዛባ ቤት ያለው ደብተር አያውቅም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለራሱ የተያዘውን የማየትና የማሳረም መብት ይሰጠዋል፤ ገበሬው ግን ስሕተቱን የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከተከሰሰ በኋላ ነው።

ስለዚህ የመሬት አስተዳደሩ ደብዳቤ ከቀጠሮው በፊት ለሁለቱም ወገን ይድረስ፤ ተቃውሞ ከተነሣም የጻፈው ባለሙያ ቀርቦ መስቀለኛ ጥያቄ ይመልስ እላለሁ። ይህ ክርክሩን ያጓትታል፤ መጓተቱም ይበልጥ የሚጎዳው ደብተር ይዛ የምትጠብቀዋን ሴት ነው። ቢሆንም በጥያቄ ያልተፈተነ ደብዳቤ ማሳ ሲያስነጥቅ ከማየት፣ አንድ ቀጠሮ መጨመሩን እመርጣለሁ።